ሁለተኛዋ ብልቃጥ

ብልቃጧ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ክዳኗ በነጭ ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ሰፍሯል። ውስጧ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ አራት የሥጋ ቁራጮች ዘቅጠዋል። «እንዳትደፋብህ፤ ዛሬውኑ አድርስ» አለችኝ ነርሷ። የአክስቴ ልጅ ከማደንዘዣው ገና አልነቃም ነበር። ብልቃጧን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ሒሳብ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንኳ ኪሴን እንዳይነካብኝ ዘወር አልኩ። የሰው አንጀት በኪሴ ይዤ ሜክሲኮ አደባባይን ተሻገርኩ።

ይህን ጉዞ የሚያውቀው አንባቢ ብዙ ይመስለኛል። ናሙና የሚወስደው ሆስፒታል አንድ ሰፈር፣ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ሌላ ሰፈር ሲሆን በመካከል ያለው ፖስተኛ ቤተሰብ ነው። ያን ቀን ያልገባኝ፣ ብልቃጧ አንድ ብቻ መሆኗ ነበር። ሁለት መሆን ነበረባት። ሁለተኛዋ ባለመኖሯ አንድ ወጣት ልናጣ ምንም አልቀረንም።

ሦስት የቀበቶ ቀዳዳ

ልጁ 26 ዓመቱ ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ሆዱን ያመመው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ምሳ በበላ ቁጥር እምብርቱ ዙሪያ ቆረጥ ያደርገውና ይለቀው ነበር። «ሽሮው ነው»፣ «ቃሪያው ነው» እየተባለ ታለፈ። ቀጥሎ ተቅማጥ መጣ፤ ተቅማጡ ሲቆም ድርቀት ተተካ። ወደ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይሰማዋል፤ ሌሊት ካናቴራው በላብ ይርሳል፤ እሱ ግን ላቡን የቆርቆሮ ቤቱ ሙቀት አድርጎ ቆጠረው። ሱሪው አልቆም ሲለው በሥራ ቤቱ መሰርሰሪያ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከወር በኋላ ሁለተኛ። ለእኔ የደወለልኝ ሦስተኛውን ቀዳዳ ከበሳ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሕመሙ ሦስት ስም ወጥቶለት ነበር። አንደኛው ክሊኒክ ሰገራ አይቶ «ጃርዲያ» አለ። ሁለተኛው ደም አይቶ «ታይፎይድ» አለ። ሦስተኛው «የጨጓራ ባክቴሪያ» ብሎ የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት አሸከመው። እያንዳንዱ ስም የራሱን ከረጢት ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱም ከረጢት ለሳምንት ያህል ያሻለው መሰለ።

በእነዚያ ባለሙያዎች ላይ ጣቴን ለመቀሰር አልቸኩልም። ጃርዲያም፣ ታይፎይድም፣ ጨጓራም በአገራችን የሉም የሚል የለም፤ በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው በየቀኑ የሚያየውን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለታይፎይድ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገኝበት ወገን የቲቢን ባክቴሪያም በከፊል ይመታል። በሽታውን አያድነውም፤ ለጊዜው ያደክመዋል፣ ትኩሳቱን ያበርደዋል፣ ቆይቶ ለሚመጣው ምርመራ ዱካውን ያደበዝዝበታል።

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለች የገጠር ቀበሌ ናት። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አንድ ጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ለምርመራው ሁለት በግና አንድ ጥጃ ሸጣለች። ይህን የማነሣው በኋላ የሚመጣው ሕክምና አንድ ሳንቲም የማይጠየቅበት ስለሆነ ነው። በአገራችን የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚያልቀው ወደዚያ በር እስኪደረስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ስሙ ያሳሳተን በሽታ

ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» እያልን ኖረናል። ስሙ ከሳንባ ጋር ስላጣበቀው የማያስል ሰው ቲቢ የሚይዘው አይመስለንም። በኢትዮጵያ ግን ከሚመዘገቡት የቲቢ ታማሚዎች ወደ ሢሶ የሚጠጉት በሽታቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ከእነዚህ የሚበዙት አንገት ላይ የሚያብጠው የንፍፊት ቲቢ ያለባቸው ናቸው። አጥንት፣ የአንጎል ሽፋን፣ የልብ ሽፋን፣ ኩላሊት የሚያገኘውም አለ። ሆድ ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ገበር ይዞ ሆድን ውሃ ያስቋጥራል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንጀቱን ራሱን ያቆስላል።

አንጀት ዘንድ እንዴት ይደርሳል? መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው አክታውን ሲውጥ ባክቴሪያው አብሮ ይወርዳል። የጨጓራ አሲድ ብዙ ተሕዋስያንን የሚፈጅ ቢሆንም ይህኛው ሰም በመሰለ ወፍራም የቅባት ካባ ስለተጠቀለለ ያልፋል። ሌላው መንገድ ደም ነው፦ ከዓመታት በፊት በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ያደፈጠ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ አንጀት ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ሳንባው ከዳነ በኋላ አንጀቱ ይነሣል። ከአጎራባች ንፍፊት ሊሻገርም ይችላል። ካልተፈላ ወተት የሚመጣም አለ፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነቱ ገብቶ ያውቃል። ከእነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በሌሎቹ ዘንድ ታፍኖ ይቀመጣል። ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የምግብ እጥረትና የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች አፈናውን ያላሉታል።

የአክስቴ ልጅ የደረት ራጅ ንጹሕ ነበር። ብዙ የአንጀት ቲቢ ታማሚዎች ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህም ንጹሕ ራጅ ብዙ ሰው አዘናግቷል። ቆይቶ ሲጠየቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ክፍል ተጋርቶት ይኖር የነበረ ጓደኛው የሳንባ ቲቢ ታክሞ ነበር። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ አልተናገረም።

ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ አዘውትሮ የሚሰፍርበት ቦታ አለ፤ ትንሹ አንጀት ስድስት ሜትር ያህል ተጠማዝዞ ከትልቁ አንጀት ጋር የሚጋጠምበት፣ በሆድ ቀኝ ታችኛው በኩል ያለው በር። ትርፍ አንጀት የሚንጠለጠለውም እዚያው አጠገብ ነው፤ የአንጀት ቲቢ ታማሚ «ትርፍ አንጀት ነው» ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባበት ጊዜ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ያ በር እንደ ኬላ ነው። ምግብ እዚያ ቆም ይላል፤ በአካባቢው ደግሞ የሰውነት ዘቦች የሰፈሩባቸው የንፍፊት ጉብታዎች በብዛት ተደርድረዋል። ዘቦቹ ባክቴሪያውን ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን ያቅታቸዋል። ሌሎች ሴሎች መጥተው ይከቡታል። ይህ ከበባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሐኪሞች ግራኑሎማ ይሉታል። ከበባው መካከሉ ሲሞት እንደ አይብ ፍርፍር ያለ ነገር ይሆናል፤ ላዩ ሲፈርስ ቁስል ይወጣል።

የቁስሉ አቀማመጥ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። የአንጀትን ግድግዳ የሚያጥቡት የሊምፍ ቱቦዎች አንጀቱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ስለሚከቡት ቁስሉም ብዙ ጊዜ በወርዱ ይዞራል። ቀለበት ሆኖ የቆሰለ ነገር ሲድን ጠባሳውም ቀለበት ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። የከረጢት አፍ በገመድ ሲሳብ እንደሚጠብበው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መንትያው

ብልቃጧን ካደረስኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ። ቁስለት አለ፤ ግራኑሎማ አለ፤ የአይብ ፍርፍሩ ግን አልታየም፤ በቀለም ምርመራም ባክቴሪያ አልተገኘም። ከታች ሁለት ስም ሰፍሯል፦ ቲቢ ወይም ክሮንስ።

ክሮንስ የአንጀት ሥር የሰደደ ብግነት ነው፤ ተላላፊ አይደለም፤ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚወጋበት በሽታ ነው። ኬኔዲ ዳልዚል የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1913 ቲቢ የሚመስሉ፣ ግን ባክቴሪያው የማይገኝባቸው የአንጀት ሕመምተኞችን ዘግቦ ነበር። ስሙን ያገኘው ግን በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠራ ከነበረው ከበሪል ክሮን ነው፤ እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ጽሑፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ያኔ የነበረባቸው ትልቁ ጣጣ ይህ በሽታ የአንጀት ቲቢ አለመሆኑን ማሳየት ነበር። ዛሬ እኛ አገር ጣጣው ተገልብጦ መጥቷል።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ቦታ ይወዳሉ፣ ሁለቱም ወጣት ይወዳሉ፣ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያተኩሳሉ። ልምድ ያለው ዓይን ልዩነት ያያል፦ የቲቢ ቁስል በወርድ ይዞራል፣ የክሮንስ ቁስል በቁመት ይሄዳል፤ ቲቢ የኬላውን በር አጉድሎ ከፍቶት ይሄዳል፣ ክሮንስ ፊንጢጣ አካባቢ ማበላሸት ያዘወትራል። ግን እነዚህ ዝንባሌዎች እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። ሕክምናቸው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ክሮንስን የሚያበርደው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ነው። ያንኑ ለቲቢ ታማሚ መስጠት የታፈነውን ባክቴሪያ ከእስር መፍታት ነው።

ሐኪሙ «ክሮንስ ይመስላል» አለና ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ጻፈለት። ስሙን አልጠራም፤ ሆስፒታሉንም አልጠራም። ልጁ በአራተኛው ቀን በላ። በሳምንቱ ትኩሳቱ ጠፋ። አክስቴ እንባዋን እየጠረገች «ተመስገን» አለች፤ እኔም ለሐኪሙ የምስጋና መልእክት ላክሁ። ስቴሮይድ እንዲህ ነው፤ እሳቱን ሳያጠፋ ጭሱን ይደብቃል። በአምስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ሆዱ ተነፋ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 47 ኪሎ ነበር። ከመታመሙ በፊት 66 ነበር።

«በምን ነክረው ወሰዱት?»

ሁለተኛዋ ሐኪም የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ የጃርዲያውን ሳይቀር። ከዚያ ልጁን ትታ እኔን ጠየቀችኝ፦ «ናሙናው በምን ነክረው ወሰዱት?»

«ውሃ የመሰለ ነገር ነበር።»

«ይሸታል?»

«ዓይን ያቃጥላል።»

«ሌላ ብልቃጥ አልሰጡህም?»

አልሰጡኝም። ከዚያ ከመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ አንጀት ሣለችልኝ፤ በስተቀኙ ታች ትንሽ ክብ አደረገችና ነገሩን አስረዳችኝ። ፈሳሹ ፎርማሊን ነው። ሥጋው እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል፤ ለማይክሮስኮፕ እሱ ግድ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያ ቢኖርበት ይገድለዋል። የሞተ ባክቴሪያ አይራባም፤ ስለዚህ የካልቸር ምርመራ የሚባለው፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየቱ ዘዴ ተዘጋ። የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ ለሚያገኘው ለጂንኤክስፐርትም ትኩስ ሥጋ ይሻላል። ስለዚህ ቲቢ ሲጠረጠር ናሙናው ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ፣ ግማሹ በንጹሕ የጨው ውሃ ለቲቢ ምርመራ። የጨው ውሃው ዋጋ ከአንድ ኩባያ ሻይ አይበልጥም።

ፕሬድኒሶሎኑ በሂደት እንዲቀነስና እንዲቆም ተደረገ። ኮሎኖስኮፒው ይደገም ተባለ። ኮሎኖስኮፒ ያላየ ሰው የሚፈራው ካሜራ የጫነውን ቱቦ ነው፤ የሚያሰቃየው ግን የዋዜማው ሌሊት ነው። አንጀት እስኪጠራ ድረስ ጨዋማ መድኃኒት በሊትር ይጠጣል። ልጁ በ47 ኪሎው ሌሊቱን በመጸዳጃ ቤትና በአልጋው መካከል ተመላለሰ፤ አክስቴ ከበሩ ውጭ ወንበር ይዛ አደረች። ጠዋት ሐኪሟ ከቁስሉ ጠርዝና ከመሠረቱ ስምንት ቁራጭ ወሰደች። አራቱ በአንዷ ብልቃጥ፣ አራቱ በሌላዋ። ሁለተኛዋን ይዤ የሄድኩት በዚያው ግቢ፣ ሁለት ሕንፃ ተሻግሬ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ነው። ተራ የአንጀት ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ ሁለት ሲሆን ይህ አንድ ቀን ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ይቆያል፤ ካልቸሩ ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ጂንኤክስፐርት የሚጨርሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፦ ባክቴሪያው ተገኝቷል፤ መጠኑ በጣም ዝቅተኛ፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ አይደለም።

ዕድለኞች ነበርን። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ የሚስተው ብዙ ነው፤ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች የሲቲ ስካን ምስሉን፣ የፓቶሎጂውን ወረቀትና የሰውየውን ታሪክ አጋጥመው የቲቢ መድኃኒት ያስጀምራሉ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ኮሎኖስኮፒውን ደግመው ያያሉ። ቁስሉ ከጠፋ ቲቢ ነበር። ካልጠፋ ሌላ ይፈለጋል። ሁለቱ አማራጮች እኩል ሆነው ሲጠረጠሩ በቲቢው መጀመር የሚሻለው፣ በክሮንስ ጀምሮ መሳሳት ከዚያኛው ስሕተት ይልቅ ስለሚገድል ነው። ሆድ ውሃ የቋጠረ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይቀላል፤ ውሃው ተቀድቶ ኤዲኤ የተባለው ኢንዛይም ይለካበታል።

ብርቱካናማው ሽንት

ሕክምናው የሳንባው ቲቢ ሕክምና ራሱ ነው። ስድስት ወር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተጨፍልቆ ይሰጣል፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። በቀሪዎቹ አራት ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ። የክኒኑ ብዛት በኪሎ ነው፤ 47 ኪሎው ለልጁ ሦስት አስገኘለት። ለአንጀት ቲቢ ዘጠኝ ወር ይሻል እንደሆነ ሲያከራክር ቆይቷል፤ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ግን ዘጠኙ ከስድስቱ እንደሚበልጥ አላሳዩም።

ጤና ጣቢያው ከቤቱ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሄዶ ከቲቢ ክፍሉ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያዋ ሦስቱን ክኒን ከነማሸጊያው ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ እያየችው ይውጣል፤ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በመጀመሪያው ቀን የኤችአይቪ ምርመራም ተደረገለት፤ የትኛውም የቲቢ ታማሚ ይደረግለታል። ያው ቀን ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ደም እየሸናሁ ነው።»

ደም አልነበረም። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ማንም ቀድሞ ካልነገረህ ትደነግጣለህ፤ ደንግጠው መድኃኒቱን የተዉ ሰዎች አሉ። ልብ የሚባለው ሌላው ነው፦ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ከጠና፣ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ቀይና አረንጓዴን መለየት ካስቸገረ ኢታምቡቶሉ ዓይንን ነክቶ ሊሆን ይችላል። እግር ላይ የመደንዘዝ ስሜት እንዳይመጣ ቫይታሚን ቢ6 ይጨመራል። አረቄውም፣ ጠላውም እስከ ስድስት ወር ይቆይ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ሪፋምፒሲን ክኒኑን እንደሚያዳክምባት ትወቅ፤ ሌላ ዘዴ ትጠይቅ።

በሦስተኛው ሳምንት እንጀራ ጠየቀ። አክስቴ ግን የእሱን ምግብ ለብቻው ማቅረብ ጀምራ ነበር። ሳህኑ ለብቻ፣ ማንኪያው ለብቻ። እሱ ምንም አላለም፤ ግን አንድ ማታ ሳህኑን ሳይነካው ተነሣ። ሳንባው ንጹሕ የሆነ የአንጀት ቲቢ ታማሚ በትንፋሽ አያስተላልፍም። ቲቢ በመሶብም፣ በጉርሻም፣ በብርጭቆም አይተላለፍም። ይህን ከጤና ጣቢያዋ ባለሙያ አፍ ከሰማች በኋላ አክስቴ በዚያው ምሽት ትልቁን ትሪ አወጣችና የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷው አጎረሰችው።

የነቢያት ጾም ሲገባ እጾማለሁ ብሎ አስቸገረን። ያስፈታው የነፍስ አባቱ ነው፤ «ልጄ፣ በሽተኛ አይጾምም፤ እንቁላልህን ብላ» አሉት። ጠበሉንም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠጣው ነገሩት። ከሐኪሟ ምክር ይልቅ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ከላሟ ይሆን?

አክስቴን ሌላ ጥያቄ ይበላት ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከእኔ ቤት ወተት ይሆን እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን፤ ልጁ ከገጠር ሲመለስ ሁልጊዜ ጥሬ ወተትና እርጎ ታስይዘው ነበር።

ጥያቄዋ ከመቶ ዓመት በላይ የዓለምን ሊቃውንት ያከራከረ ነው። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያበሠረው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ ዓለም አቀፉ የቲቢ ቀን በየዓመቱ በዚያ ቀን የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው። ታላቅ ሰው ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ላይ የላም ቲቢ ለሰው ይህን ያህል አያሰጋም ብሎ ተናገረ። እንግሊዞች አላመኑትም፤ ኮሚሽን አቋቁመው ዓመታት መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የላሙ ዝርያ ሰውን፣ ይልቁንም ሕፃናትን፣ በአንገት ንፍፊትና በሆድ በኩል እንደሚይዝ ደመደሙ። ወተት የማፍላት ሕግ በአውሮፓ ከተስፋፋ በኋላ የሕፃናት የሆድ ቲቢ እዚያ እየተመናመነ ሄደ።

ከዚሁ የላም ዝርያ ክትባትም ወጣ። ካልሜትና ጌራን የተባሉት ፈረንሳውያን የላሙን ባክቴሪያ 13 ዓመት 230 ጊዜ እያዛወሩ አዳከሙት፤ ስሙ ቢሲጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያው ሕፃን የተሰጠው በመርፌ ሳይሆን በአፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 በጀርመኗ ሉቤክ ከተማ ወደ 250 ለሚጠጉ ጨቅላዎች የተሰጠው ክትባት ግን እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ካልተዳከመ የሰው ቲቢ ጋር ተደባልቆ ነበር። ከ70 በላይ ሕፃናት ሞቱ፤ የብዙዎቹ በሽታ የጀመረው ከአንጀታቸውና ከአንጀት ንፍፊታቸው ነበር። ከዚያ አሰቃቂ ስሕተት የወጣ አንድ ዕውቀት አለ፦ ባክቴሪያውን ከዋጡት የሚበዙት ያኔ መድኃኒት እንኳ ሳይኖር ተርፈዋል።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ስመለስ፣ መልሱ ሁለት ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተፈተሹ የወተት ላሞች 30 በመቶ ያህሉ ቲቢ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ተጠቂዎቹ በይበልጥ በከተማ ዙሪያ ተጨናንቀው የሚረቡት ዲቃላዎቹ ናቸው፤ ከዳር የሚሰማራው የአበሻ ከብት ዘንድ እጅግ ያንሳል። ይህን ስንሰማ የአገራችን የንፍፊትና የሆድ ቲቢ ብዛት ከወተት ነው ማለት ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ምርመራ ግን ከታማሚዎች የተገኘውን ባክቴሪያ ዝርያ በዝርያ ሲለይ የላሙ በጣት የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሁሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ነው። 

የልጁን ባክቴሪያ ማሽኑ ከሰው ይሁን ከላም አይለየውም። ሐኪሟ «ከላሟ ይልቅ የክፍል ጓደኛውን እጠረጥራለሁ» አለችና በዚያው አፍ «ወተቱ ግን ይፈላ» ብላ ጨመረች። እርጎ መሆኑ ባክቴሪያውን አያስወግደውም። ወይራ ዕቃውን ያጥናል፣ ጠረኑን ያሳምራል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። ገንፍሎ የፈላ ወተት ግን ጉዳዩ ያለቀ ነው።

ከረጢቱ ሲሳብ

የቀለበቱን ጠባሳ ያዙልኝ ብዬ ነበር። በአራተኛው ወር፣ 58 ኪሎ ደርሶ ሥራ ሊመለስ ሲል፣ ልጁ ሆዱ እንደገና ይቆርጠው ጀመር። ከምግብ በኋላ ይነፋል፣ አንጀቱ ጮኾ ይገላበጣል፣ ሲያስታውክ ቀለል ይለዋል። ሁላችንም «አገረሸ» አልን። አላገረሸም። ቁስሉ እየዳነ ነበር፤ ሲድን አንጀቱን አጠበበው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ጠባሳውን ግን አይፈታም። ጥበቱ ቀላል ሲሆን እየላላ የሚሄድ አለ፤ ሲጠና ግን ቢላዋ ይጠይቃል።

ቀዶ ሐኪሙ ከአንጀቱ ምንም ቆርጦ አልጣለም። ያደረገውን ልብስ ሰፊ ይገባዋል፦ የጠበበውን እጅጌ በቁመቱ ተርትሮ፣ ትርትሩን ጎትቶ በወርዱ መስፋት። ርዝመቱ ትንሽ ያጥራል፤ ስፋቱ ይመለሳል። አንጀቱ በአንድ ቦታ ክፉኛ የተበላሸ ከሆነ ግን ያንኑ ቁራጭ ማውጣት ግድ ይላል። ከቀዶው በኋላም ክኒኑ ቀጠለ፤ ካርዱ በመጋቢት ሞላ።

ዛሬ 63 ኪሎ ነው። ቀበቶውን አልቀየረውም።

አንባቢ ሆይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የሆድ ቁርጠት ከክሳት፣ ከማታ ትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር የያዘው ሰው ቤትህ ካለ፣ ጃርዲያና ጨጓራ ሁለት ጊዜ ታክሞ ካልዳነ ሦስተኛውን ከረጢት ከመግዛትህ በፊት ለሐኪሙ «ቲቢ ሊሆን ይችላል ወይ?» በለው። አብሮት ይኖር የነበረ የሚያስል ሰው ካለ ሳትጠየቅ ተናገር። ናሙና ተወስዶ ብልቃጥ በእጅህ ሲሰጥህ ደግሞ ከበሩ ሳትወጣ ጠይቅ፦ «በፎርማሊን ያልተነከረችው ሁለተኛዋስ?»